የመጨረሻው ቅብ

የላከር ሥራ ውስጥ የገባሁት በመጥረጊያ ነው። ሰው ስነግረው ይስቃል፤ ይሳቅ። ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር። ቶሮንቶ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ ፓርክዴል ውስጥ ከአንዲት የጎንደር ልጅ ጋር ባስመንት ተከራይተን እንኖራለን። እሷ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ እኔ ክሊኒንግ። አዲስ አበባ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበርኩ ሴት፣ እዚህ የሰው ቢሮ ስፈትግ ውዬ እገባለሁ። ሥራ መናቄ አይደለም፤ ሥራ ሥራ ነው። ያንገበገበኝ ከአለቃዬ ጋር በመጥረጊያ መጨቃጨቃችን ነው። እኔ ከመጥረጌ በፊት ወለሉ ላይ ውሃ እረጫለሁ። እናቴ ስታደርግ ያየሁት ነው። ውሃ ሳይረጭ የተጠረገ ቤት አቧራው ከወለል ተነስቶ መደርደሪያ ላይ ወጣ እንጂ ምኑ ተጠረገ? አለቃዬ ግን "ሰው ተንሸራቶ ቢወድቅ ይከሰናል" እያለ በየሺፍቱ ይጮህብኛል። አንድ ቀን "የራስህን አቧራ ራስህ ቃመው!" ብዬው ወጣሁ። በአማርኛ ነው ያልኩት፤ ግን የገባው ይመስለኛል።

ሁለት ሳምንት ሥራ ፈትቼ ከቆየሁ በኋላ ስፓዳይና አካባቢ፣ የተጠበሰ ዳክዬ ከሚሸጥበት ቤት ጎን፣ አንድ መስኮት ላይ "የጽዳት ሠራተኛ እንፈልጋለን" የሚል ወረቀት አየሁ። ገባሁ። በእኔ ዕድሜ ያለች ቻይናዊት ተቀበለችኝ። ቤቱ የአባቷ ወርክሾፕ ነው። እሷ ሌላ ቦታ የቢሮ ሥራ አላት፤ አባቷ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ግን የወረቀቱንም የስልኩንም ጉዳይ እሷ ናት የምትጨርስላቸው። "አባቴ አቧራ አይወዱም" አለችኝ። "እኔም አልወድም" አልኳትና ባልዲ አንስቼ እንደ ልማዴ ውሃውን በእፍኜ እየዘገንኩ ረጨሁ። ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ብቅ አሉ። ወለሉን አዩ፤ እኔን አዩ። በልቤ፣ ይኸው ደግሞ ሌላው ሊጮህብኝ ነው ስል፣ ተመልሰው ገቡና ሌላ ባልዲ ሙሉ ውሃ አምጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡልኝ። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

ነገሩን ልጃቸው አስረዳችኝ። ላከር ከዛፍ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ ግንዱ ይበጣና የሚንጠባጠበው ይሰበሰባል። ያንን በእንጨት ዕቃ ላይ በስሱ ይቀቡታል፣ ያደርቁታል፣ በከሰልና በውሃ ይፍቁታል፣ ደግሞ ይቀቡታል፤ እንዲህ እያሉ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። ጉዱ ያለው ማድረቁ ላይ ነው። የሚደርቀው በእርጥበት ነው! ሂተር አጠገብ ብታስቀምጡት ሳምንቱን ሙሉ እንደተልፈሰፈሰ ይቀራል። እርጥብ ጨርቅ በተንጠለጠለበት ቁም ሳጥን ውስጥ ብትዘጉበት ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መጀመሪያ ስሰማ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። የቶሮንቶ ዊንተር ደግሞ በሂተር ምክንያት ከንፈር እስኪሰነጠቅ ድረስ ቤቱን ያደርቀዋል። ስለዚህ ለእኚህ ሰው አንደኛ ጠላታቸው አቧራ፣ ሁለተኛው ደረቅ አየር ነበር፤ እኔ ሳላውቅ ሁለቱንም በአንድ እፍኝ ውሃ መታሁላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት እስቲ ፋቂ ብለው አንድ ትንሽ ሳህን ሰጡኝ። በማግስቱ ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ፣ ዓይኔ ተደፍኖ ተነሳሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ጮኸች። "ምች ነው! ምች መትቶሽ ነው!" በዚያ በረዶ ከየት የመጣ ምች እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ዳማከሴ ፍለጋ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ኮል ስታደርግ አረፈደች፤ ፓርክዴል ውስጥ ዳማከሴ! ሲያቅታት ጸበል ረጭታኝ ሥራ ሄደች። እኔ ነገሩን ጠርጥሬ ስለነበር እንደምንም ተነስቼ ወርክሾፑ ሄድኩ። ሽማግሌው ሲያዩኝ ሳቁ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ አሳዩኝ። ለልጃቸው ደውለው ስልኩን ሰጡኝ። "ጥሬው ላከር ሰውነት ያስቆጣል፤ ጀማሪን ሁሉ እንዲህ ያደርጋል" አለችኝ። "ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ጥሎ ሄዷል። አንቺስ ትመለሻለሽ ወይ? ይላሉ።" ከንፈሬ አብጦ መናገር ስላቃተኝ ስልኩን ዘግቼ ከሰሌን ይዤ ተቀመጥኩ።

አባባ እላቸው ጀመር። ቋንቋ የለንም፤ የሚያስተምሩኝ በእጃቸውና በምላሳቸው ጠቅታ ነው። አንድ ጠቅታ "ቀስ በይ" ማለት ነው፤ ሁለት ጠቅታ "ተይው፣ አበላሸሽው"። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቤቱ ሁሉ ጠቅ ጠቅ ሲል ይውል ነበር። እኔ በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ፤ እናቴ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ስትለኝ ነው ያደግሁት። እኚህ ሰው ግን አንድ ክዳን ሲፍቁ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ ፍቀው ሲጨርሱ ደግሞ የፋቁትን በሚቀጥለው ቅብ ይሸፍኑታል። ማንም ለማያየው ነገር እንዲህ መልፋት ምን ይባላል? ብዬ በልቤ እሳደብ ነበር።

የሚያስደንቀው መጨረሻው ነው። በእሳቸው አገር ላከር የሚያበራው በመዳፍ ነው። የመጨረሻው ቅብ ደርቆ በለስላሳ ከሰል ሲፋቅ ዕቃው እንደ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ይደበዝዛል። ያን ጊዜ ጠብታ ዘይትና ተቃጥሎ የደቀቀ የአጋዘን ቀንድ ይደረግበትና በባዶ መዳፍ ይገፋል፣ ይገፋል፤ ቀናት ሙሉ። መዳፍ ሸካራ ከሆነ ይጭረዋል። የእኔ መዳፍ ደግሞ አራት ዓመት በረኪና ያከሰለው ነው። አባባ አገላብጠው አዩትና መወልወያውን ከእጄ ቀሙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወለሉን የሚወለውሉት እሳቸው ሆኑ። ለጽዳት የተቀጠርኩት ሴትዮ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ የሰባ ምናምን ዓመት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ሲወለውሉ! ልነሳ ስል በሁለት ጠቅታ ያስቀምጡኛል። እኔን እንዲህ ሰው አክብሮኝ ስለማያውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያ ቀን አለቀስኩ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ ነገር በስተቀር ሁሉንም እንድሠራ ፈቀዱልኝ። የመጨረሻውን ቅብ ግን አያስነኩም። ሌላው ሁሉ ስህተት ይፋቃል፣ ይሸፈናል፤ የመጨረሻው ግን ሰው የሚያየው ነው። ችግሩ ዓይናቸው ሞራ እየሸፈነው ነበር። ልጃቸው አንድ ቀን ወደ በሩ ጠራችኝና እንዲህ አለችኝ፦ "የቤቱ የኪራይ ሊዝ በየካቲት መጨረሻ ያልቃል። አባቴ የመጨረሻውን ቅብ መቀባት ካልቻሉ ይህ ቤት ቤት አይደለም። ልዘጋው ነው።" አልተቆጣኋትም፤ አባቷ ናቸው፣ ታዝንላቸዋለች። ግን እኔስ? ወደ ቢሮ ፍተጋ መመለስ! ይህን መዳፌን ይዤ! እዚያው ቆሜ በፍጹም አይሆንም አልኩ፤ በምን እንደማስቀረው ግን አላውቅም ነበር።

በጥር አባባ የዓይን ኦፕሬሽን ቀጠሮ ደረሰላቸው፤ ሰኞ ጠዋት። ቅዳሜ ማታ አንድ ሙዳይ የመጨረሻ ቅቡን ቀቡ። ክብ፣ ባለ ክዳን፣ የሥር ቅቡ ቀይ፣ የላዩ ጥቁር፤ አንድ ቤተሰብ ለሚድሩት ልጃቸው ያዘዙት ነው። አፍንጫቸው ክዳኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር የቀቡት። ምናልባት በሕይወታቸው የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን። ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገቡትና በምልክት አዘዙኝ፦ እሑድ መጥተሽ ታችኛውን በር ብቻ ክፈቺ፣ ጨርቆቹን አርጥቢ፣ ላይኛውን እንዳትነኪ።

ያ እሑድ ጥምቀት ነበር። እህቴ ከአገር ቤት አዲስ ነጠላ ልካልኛለች፤ በእጅ የተፈተለ፣ ገና ውሃ ያልነካው። ብርዱን ፈርቼ በካፖርት ብቻ ልውጣ ስል የጎንደሯ ልጅ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!" ብላ ነጠላውን ራሷ አለበሰችኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በኩዊን ስትሪት ካር ተሳፍሬ ስፓዳይና ላይ ወረድኩና ወርክሾፑ ገባሁ። ካፖርቴን አወለቅሁ። ጨርቆቹን አረጠብኩ። በዚህ ጨርሼ ብወጣ ምን ነበረበት? ግን ሙዳዩን ላየው አማረኝ። ላይኛውን በር ከፈትኩና ከነነጠላዬ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥቁር ውሃ ይመስላል፤ ገና አልደረቀም ነበር። ደስ ብሎኝ፣ ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ መለስ አድርጌ ዘጋሁና ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ክዳኑ መሀል ላይ ሦስት ነጫጭ ክሮች ተኝተዋል፤ ዙሪያውን ደግሞ የጥጥ ብናኝ። ወይ ጉዴ! ወይ እኔ! በጣቴ ነካሁት፤ ደርቆ ይዟቸዋል። በዚያች ሰዓት አባባ ሐኪም ፊት ተኝተዋል። አቧራ በመጥላቴ የተቀጠርኩ ሰው፣ የሽማግሌውን የመጨረሻ ቅብ በገዛ ነጠላዬ አበላሸሁ። ምነው ትናንት እግሬን በሰበረው ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሥራው ከእጄ መውጣቱ አንድ ነገር ነው፤ ዓይናቸው ተፈቶ መጀመሪያ የሚያዩት ይህን መሆኑ ግን አንጀቴን በላው።

ማታ ለጎንደሯ ልጅ ነገርኳት። "አንቺ ሞኝ! ዓይናቸው ታሟል፣ ማን ያያል? በመርፌ ንቀይውና ዝም በይ" አለችኝ። እውነት ለመናገር ሐሳቡን ወደድኩት። ቁጭ ብዬም መርፌ መርጫለሁ። ግን አባባ በመዳፋቸው ሲዳስሱት አንድ የመርፌ ጭረት እንኳ እንደማያልፋቸው አውቃለሁ፤ ውሸትና ስንቅ ደግሞ እያደር ይቀላል። ስለዚህ ለልጃቸው ኮል አደረግሁና ሳልቀንስ ሳልጨምር ተናገርኩ። ከዚያ ከአባቷ ጋር በቋንቋቸው ሲያወሩ ሰማሁ። ተመልሳ "ስንት ክር ነው? ይላሉ" አለችኝ። "ሦስት" አልኳት። እንደገና አወሩ። "ሁሉንም ፍቀሽ አንሺው ይላሉ። ከዚያ አንቺ ቀቢው። ሁለት ሳምንት ከቤት እንዳልወጣ ሐኪም ከልክሎኛል ይላሉ።" ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የራሷን ጨመረች፦ "የሊዙን ማደሻ ወረቀት እሳቸው የሚወጡ ዕለት ይዤ እመጣለሁ። ሙዳዩ ካልሆነ ግን አልፈርምም፤ እንዳትቀየሚኝ።"

ቅቡ ልቡ ድረስ እስኪጠነክር አራት ቀን ጠበቅሁ። ከዚያ ከሰሌን በውሃ እያራስኩ መፋቅ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ትንሽ ፍቄ ብተው ክሮቹ ይቀራሉ፤ ትንሽ ባበዛ ጥቁሩን በስቼ ቀዩ ላይ እደርሳለሁ፣ ያኔ ሙዳዩ ሞተ። እጄን አምስት ጊዜ አስኬድና እጠርገዋለሁ፣ ወደ መስኮቱ አዘንብዬ አየዋለሁ፣ ደግሞ አምስት ጊዜ። አባባ የሉም፤ ጠቅ የሚያደርግ የለም። ስለዚህ ራሴ ለራሴ ጠቅ አደርግ ጀመር! ቀስ በይ፣ አንቺ ሴትዮ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት የመጨረሻው ክር ጠፋ፤ ቀይ የሚባል ነገር አልታየም።

ለመቀባቱ ቀን እንደ ሙሽራ ተዘጋጀሁ ብል አላጋነንኩም። ገላዬን ታጠብኩ። ሹራብ የለ፣ ጥጥ የለ፤ የናይለን የዝናብ ልብስ ለበስኩ፣ ፀጉሬን በፕላስቲክ የሻወር ቆብ ጠቀለልኩ። የጎንደሯ ልጅ በሩ ላይ አይታኝ "ዓሣ ልታጠምጂ ነው?" ብላ በሳቅ ወደቀች። ወርክሾፑ ስደርስ ሂተሩን አጠፋሁ፣ ወለሉን ግድግዳውን ሁሉ በውሃ አራስኩ፣ አቧራው እስኪሰክን አንድ ሰዓት እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ላከሩን ሁለት ጊዜ አጣራሁት። ከዚያ ከሴት ፀጉር የተሠራውን የአባባን ጠፍጣፋ ብሩሽ አነሳሁ። በስመ አብ ብዬ ቀባሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለምን እንዳልተንቀጠቀጠ እስካሁን አላውቅም፤ እኔ ሻይ ስቀዳ እንኳ የምደፋ ሰው ነኝ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁትና ቁልፉን ለጎረቤታችን ለዳክዬ ሻጩ ሰጠሁት፤ "ከሦስት ቀን በፊት ብለምንህም እንዳትሰጠኝ" አልኩት። በሁለተኛው ቀን ለመንኩት። ከለከለኝ፤ ይባረክ።

በሦስተኛው ቀን ስከፍተው አንድ ብናኝ የለበትም። በለስላሳው ከሰል ፈቅሁትና በዘይትና በቀንዱ ዱቄት መግፋት ጀመርኩ። አንድ ቀን ሙሉ ገፍቼ ምንም የለም። ሁለተኛው ቀን መዳፌ እንደ ምጣድ ጋለ፤ አሁንም ምንም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ ከጥቁሩ ውስጥ የሆነ ነገር ብቅ አለ። ጠረግሁት። መስኮቱ ነው። ቀጥዬ ገፋሁ፤ ግንባሬ መጣ፣ አፍንጫዬ መጣ፣ አፌን ከፍቼ ስገረም ጥርሴ ሳይቀር ታየኝ። ያኔ ብቻዬን ቆሜ እልል አልኩ! ሦስት ጊዜ፣ የሠርግ እልልታ። ዳክዬ ሻጩ ሰው የሞተ መስሎት ቢላዋውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። ሙዳዩን አሳየሁት። ፊቱን በክዳኑ ውስጥ አይቶ ፀጉሩን አስተካከለ።

አባባ ጥቁር መነጽር አድርገው ከልጃቸው ጋር መጡ። እሷ የሊዙን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እሳቸው ሰላምታም አልሰጡኝም፤ ሙዳዩን ይዘው በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄዱ። መነጽራቸውን አወለቁ። አዘነበሉት፣ አሽከረከሩት። ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው ክዳኑን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት፤ መሀሉ ላይ፣ ክሮቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ደርሰው ተመላለሱ። ጠቅታ እስክሰማ እየጠበቅሁ ነው። ምንም የለም። ከዚያ ገልብጠው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሁልጊዜ ሥራ ሲያልቅ በቀይ ላከር ከሥሩ ምልክታቸውን ይጽፋሉ። ቀጭኗን ብሩሽ አነሱ፣ ቀዩን ነከሩ፣ ወደ ሙዳዩ አስጠጉ። ቆሙ። ራሳቸውን ነቀነቁና ብሩሹን መልሰው አስቀመጡት።

ደሜ ፈላ። በአማርኛ ለቀቅሁት፤ ያውም በአንቱታ። "ምን ማለትዎ ነው አባባ? ምኑ ጎደለ? ዓይንዎን የታከሙት ይህን ላለማየት ነው? መዳፌ እስኪላጥ ገፍቼ፣ ስምዎን ለመጻፍ ተጸየፉት? እግዜር ይይልዎት!" እንባዬ እየወረደ ነው። ስጨርስ ሽማግሌው ለልጃቸው ጥቂት ቃላት ተናገሩ። ልጅቷ ተረጎመችልኝ።

"'የእኔን ቅብ ፍቀሽ ከውሃ ጋር ደፍተሽዋል' ይላሉ። 'ሰው የሚያየው የእኔ ሥራ አይደለም። ያልቀባሁት ላይ ስሜን አልጽፍም፤ ሌባ አይደለሁም' ይላሉ። 'የቀባው ሰው ይጻፍ።'"

አባባ ብሩሹን በሁለት እጃቸው ይዘው ዘረጉልኝ። እንባዬን በክንዴ ጠረግሁና ተቀበልኳቸው። ስሜን በፊደላችን ጻፍኩ፤ ሦስት ፊደል፣ ቀይ በጥቁር ላይ። እሳቸው ተቀብለው አዩት፣ ዞር አድርገው አዩት፣ ደግሞ ገልብጠው አዩት። የቱ ላይኛው፣ የቱ ታችኛው እንደሆነ በጣታቸው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። አንዴ "ህም" አሉና ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ወረቀቱን እየጠቆሙ አንድ ነገር ተናገሩ። እሷ መለሰችላቸው፤ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"እኔ ለአንድ ዓመት ልፈርም ነበር" አለች፣ እስክሪብቶዋን እየከፈተች። "'ለአምስት አድርጊው፤ ልጅቷ ገና ወጣት ናት' ይላሉ።"